ስለ ነስርና ስለ ጣፊያ

ቋንቋችን ለወተትና ለደም አንድ ግሥ ሰጥቷቸዋል። ወተት በቅል ውስጥ ሰንብቶ ሲጠነክር «ረጋ» እንላለን፤ ከቍስል የወጣ ደም ሲጠጥርም እንደዚሁ «ረጋ» እንላለን። «እርጎ» የሚለውም ስም የተገኘው ከዚሁ ግሥ ነው። ወተቱ አልረጋ ያላት ሴት ብርዱ በዝቶ ይሆን፥ ወይስ እርሾው አንሶ ይሆን እያለች ምክንያቱን ትመረምራለች እንጂ ነገሩን በዝምታ አታልፈውም። የልጅ ደም አልረጋ ያለ እንደ ሆነ ግን ብዙ ቤተ ሰብ በልጁ ራስ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሶ፥ ሎሚ አሽትቶ፥ ደሙ ሲያባራለት ነገሩን ይረሳዋል። ለወተታችን የምናደርገውን ምርመራ ያህል ለልጆቻችን ደም ልናደርግ እንደሚገባን በይፋግና በዙሪያዋ ያሳለፍነው ዘመን አስተምሮናል። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ለመጻፍ ያሰብሁትም ስለዚሁ ጕዳይ ነው።

በመጀመሪያ እናቶች በከንቱ እንዳይደነግጡ አንድ ነገር ልናገር። ነስር ሁሉ የክፉ በሽታ ምልክት አይደለም። በአፍንጫ ውስጥ ያሉት የደም ሥሮች እጅግ ቀጭኖች ናቸው፤ በበጋ አየሩ ሲደርቅ፥ ጕንፋን ሲይዝ፥ ወይም ልጁ በጣቱ ሲጐረጕር በቀላሉ ይቀደዳሉ። እንዲህ ያለው ነስር በጥቂት ደቂቃ ይቆማል። የሚረዳውም ሰው ልጁን ቀጥ አድርጎ ያስቀምጠው፤ ራሱንም ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ፊት ጐንበስ ያድርገው፤ ከአጥንቱ በታች ያለውን ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል በሁለት ጣት ይዞ ሳይለቅ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጫነው፤ ልጁም በአፉ ይተንፍስ። ራስን ወደ ኋላ ማንጋጠጥ ደሙን ወደ ጕረሮ ይመልሰዋል እንጂ አያቆመውም። የተዋጠውም ደም ልጁን ያስታውከዋል፤ አስታማሚውንም ደሙ የቆመ አስመስሎ ያታልለዋል።

ይህን ሁሉ አድርገን ደሙ ሳይቆም የቀረ፥ ወይም በየቀኑ የተመላለሰ እንደ ሆነ ግን ምክንያቱን ከአፍንጫው ውጭ መፈለግ ይገባል። ይህንንም ለመረዳት ደም የሚረጋበትን ሥርዓት ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል።

ደማችን በዓይን ሲያዩት አንድ ቀይ ፈሳሽ ብቻ ይመስላል። በማይክሮስኮፕ ሲመረመር ግን በውስጡ ሦስት ዓይነት ሠራተኞች ይገኛሉ። ቀዮቹ ሕዋሳት ከሳንባ የተቀበሉትን ኦክሲጅን ለሰውነት ሁሉ ያድላሉ። ነጮቹ እንደ ወታደር ሆነው በሽታን ይዋጋሉ። ሦስተኛዎቹ ግን እጅግ ጥቃቅን ስለ ሆኑ ሊቃውንት ሥራቸውን ሳያውቁት ብዙ ዘመን አለፈ። ጁሊዮ ቢጾዜሮ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1882 ዓ. ም. ደምን በማርጋት ሥራ ዋናዎቹ እነርሱ መሆናቸውን ገልጦ ጻፈ፤ በቋንቋውም «ትንንሽ ሳሕኖች» እንደ ማለት ያለ ስም ሰጣቸው። የዛሬ ሐኪሞቻችን ፕሌትሌት ይሏቸዋል፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ ደም አርጊዎች እንላቸዋለን።

ደም አርጊዎቹ ሙሉ ሕዋሳት አይደሉም። በአጥንት መቅን ውስጥ የሚኖሩ እጅግ ታላላቅ ሕዋሳት አሉ፤ ከነዚህም ከያንዳንዳቸው እንደ እንጀራ ፍርፋሪ እየተቈረሱ በሺሕ የሚቈጠሩ ቍራሾች ወደ ደም ይገባሉ። ይህንንም ጀምስ ሆመር ራይት የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1906 ዓ. ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር አስረዳ። የአንዱ ቍራሽ ስፋት አንድ ሚሊ ሜትር ለሺሕ ቢከፈል ሁለቱን ወይም ሦስቱን እጅ ያህል ነው። ዕድሜውም ከ7 እስከ 10 ቀን ብቻ ነው፤ ስለዚህ መቅኑ አዲሱን ሳያቋርጥ ይሠራል። በጤናማ ሰው ዘንድ በአንድ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ደም ውስጥ፥ ይኸውም ከአንዲት ጠብታ እጅግ ባነሰ ደም ውስጥ፥ ከ150,000 እስከ 450,000 የሚደርሱ ደም አርጊዎች ይገኛሉ።

ሥራቸውንም ለርብ ወንዝ ጎረቤት ለሆነ ሰው በምሳሌ ማስረዳት ቀላል ነው። በ1998 ዓ. ም. ክረምት በፎገራና በሊቦ ከምከም የደረሰውን የውሃ ሙላት ያየ ሰው ምሳሌውን ወዲያው ይረዳዋል። ወንዝ ሞልቶ ዳርቻውን በአንድ ቦታ የጣሰ እንደ ሆነ ቀድሞ የደረሰው ገበሬ አፈርና ድንጋይ በቀዳዳው ላይ ይጥላል፤ እየጣለም ጎረቤቱን በጩኸት ይጠራል። የተጠሩትም መጥተው አፈሩን ይጨምራሉ፤ ቀጥለውም ካስማ ተክለው ቅርንጫፍ ይጠላልፉበታል፤ በዚያን ጊዜ ጭቃው በአጥሩ ተይዞ ይጠነክራል። ደም አርጊዎችም እንደዚሁ ናቸው። የደም ሥር ጤነኛ ሳለ ከደሙ ጋር ዝም ብለው ይሄዳሉ። ሥሩ የተቀደደ እንደ ሆነ ግን በቀዳዳው አፍ ላይ ይጣበቃሉ፤ ለስላሳ ቅርጻቸውንም ለውጠው እንደ እጅና እንደ እግር ያለ ነገር ያወጣሉ፤ ባልንጀሮቻቸውንም የሚጠራ ቅመም ይረጫሉ። የተጠሩትም መጥተው ቀዳዳውን ይደፍናሉ። ቀጥሎ በደሙ ውስጥ ሟሙቶ የነበረው ፋይብሪኖጅን የተባለው ነገር ፋይብሪን ወደሚባል ክር ተለውጦ እንደ ጣና ዓሣ አጥማጆች መረብ ይዘረጋባቸዋል። ጭቃው ደም አርጊዎቹ፥ አጥሩም ፋይብሪን ነው። ጭቃ የሚጥል ሰው የጠፋ እንደ ሆነ አጥሩ ብቻውን ውሃ አያቆምም።

እንግዲህ ጭቃ ጣዮቹ ወዴት ይሄዳሉ? መልሱ ከአፍንጫ እጅግ ርቆ፥ በግራ ጐን ከጐድን አጥንት ሥር ይገኛል፤ ይኸውም ጣፊያ ነው። ጣፊያ በጤናም ጊዜ ከሰውነት ደም አርጊዎች ሲሶውን ያህል በውስጡ ያኖራል። በበሽታ ምክንያት እጅግ ያበጠ እንደ ሆነ ግን ከመቶው እስከ 90 የሚሆነውን ሊይዝ ይችላል። በዚያ ላይ በሽታው የአጥንቱን መቅን የያዘ እንደ ሆነ አዲስ የሚሠራው ያንሳል፤ የተሠራውንም ጣፊያው ያስቀረዋል። ልጁም በአፍንጫው፥ በድዱ፥ ወይም ባልታሰበ ሌላ ስፍራ ይደማል። የሚታየው ነስር በአፍንጫ ነው፤ መልእክቱን የላከው ግን ጣፊያ ነው።

ይህ ነገር በሩቅ አገር የሚሰማ ወሬ አይደለም፤ በእኛው አገር የደረሰ ነው። ይፋግ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ በሊቦ ከምከም ወረዳ ያለች አሮጌ የገበያ ከተማ ናት፤ ከየአቅጣጫው የሚመጡ ነጋዴዎች ይገናኙባት ስለ ነበረ ስሟ በቀድሞ መንገደኞች መጻሕፍት ተጽፎ ይገኛል። ወባ ለሕዝቧ እንግዳ አይደለም። ስለዚህ ከ1997 ዓ. ም. በፊት በነበሩት ጥቂት ዓመቶች፥ ትኵሳት ለወራት የማይለቀው፥ ሰውነቱ እየከሳ ሆዱ እየተነፋ የሚሄድ ሰው በበዛ ጊዜ፥ ወባው መድኃኒትን የማይፈራ ሆኗል ተባለ። ብዙ ሰውም ሞተ። በግንቦት ወር 1997 ዓ. ም. ግን ነገሩ ተመርምሮ በሽታው ካላዛር መሆኑ ተገለጠ።

ካላዛር ሌሽማኒያ በተባለ በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሐዋሲ የሚመጣ በሽታ ነው፤ የሚያስተላልፈውም ከወባ ትንኝ እጅግ የሚያንስ የአሸዋ ዝንብ ነው። ይህ ተሐዋሲ ማደሪያው ጣፊያ፥ ጉበትና የአጥንት መቅን ነው። ሕክምና ያላገኘ ሰው ከሞት የሚያመልጠው በብርቅ ነው። በሁመራና በመተማ ቆላ ግን በሽታው ከቀድሞ ጀምሮ የታወቀ ነበር፤ ወደዚያም ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ የሚወርዱ የደጋና የወይና ደጋ ወጣቶች ይዘውት ሳይመለሱ እንዳልቀሩ ሊቃውንት ገመቱ። በሊቦ ከምከምና በፎገራ የተደረገው ምርመራም ሌሊት ከግራር ሥር የሚተኙ ሰዎች ለበሽታው ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳየ። ዝንቡ በጥቁር መሬት ስንጥቅ ውስጥና በግራር አጠገብ መኖርን ይወዳልና።

ድንበር የለሽ ሐኪሞች የሚባለው ማኅበር በአዲስ ዘመን ከተማ ማከሚያ አቋቁሞ ሕመምተኞችን ይረዳ ጀመር። ከግንቦት 17 ቀን 1997 ዓ. ም. እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 2000 ዓ. ም. ድረስ በዚያ የታከሙት ሰዎች መዝገብ በተመረመረ ጊዜ፥ ከመቶው ሕመምተኛ 78 ያህሉ ወንዶች ሆነው ተገኙ፤ ግማሾቹም ከ18 ዓመት ያልበለጡ ነበሩ። ከታከሙት የሞቱት ከመቶ 4 ብቻ ናቸው። ባይታከሙ ኖሮ ከመቶው ስንቱ በተረፈ እንደ ነበር አንባቢ ራሱ ያስበው።

እኔም ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ አግኝቼው አይደለም። የእኅቴ ልጅ በ1997 ዓ. ም. የ11 ዓመት ከብት ጠባቂ ነበረ፤ በክረምቱም ሌሊት ከታላላቆቹ ጋር ማሳ እየጠበቀ ከግራር ሥር ያድር ነበር። በኅዳር 1998 ዓ. ም. ያተኵሰው ጀመር። ሁለት ጊዜ የወባ መድኃኒት ተሰጠው፤ ትኵሳቱ ግን ለጥቂት ቀን ረገብ እያለ ይመለስበታል። ክንዱ እንደ ሸንበቆ ቀጠነ፤ ሆዱ ግን በግራ ጐኑ በኩል እንደ ድንጋይ ጠነከረ። በጥርም አፍንጫው ይነስር ጀመር፤ ድዱም ሲነካ ይደማል። አንድ ሌሊት እናቱ የነጠላዋን ጫፍ በአፍንጫው ይዛ እስኪነጋ ድረስ ተቀመጠች።

በማግሥቱ ጧት አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ጎረቤት መጥተው ሆዱን ዳሰሱና «ጣፊያ ነው፤ ሳይውል ሳያድር ይበጣ» አሉ። ምላጭም አስመጡ። ሽማግሌው ይህን ያሉት በክፋት አይደለም፤ ከአባቶቻቸው የተማሩት መድኃኒት ይኸው ነበርና። እኅቴ ግን እጃቸውን ይዛ እንዲህ አለቻቸው፤ «አባቴ፥ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እግዚአብሔር የሰጠው ቀዳዳ መድማቱን አልተው ብሎ ሳለ እኛ ሌላ ቀዳዳ ከፍተንበት በምን እንደፍነዋለን?» ሽማግሌውም ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ምላጩን ወደ ወረቀቱ መለሱት። በዚያው ቀን ልጁን በቃሬዛ አድርገን ወደ መኪና መንገድ አወጣነው።

በሐኪም ቤት የተቀበለን ወጣት ሐኪም የልጁን ሆድ በእርጋታ ዳስሶ የጣፊያውን ዳርቻ በብዕር አሰመረው፤ መስመሩም ከእምብርቱ በታች ደረሰ። ቀጥሎ ደም አስቀድቶ አስመረመረና ወጥቶ ለእኅቴ እንዲህ ሲል አስረዳት፤ «እናቴ፥ የልጅዎ ደም አርጊዎች ቍጥር 31,000 ብቻ ነው፤ የሚገባው ግን ከ150,000 በላይ ነበር። በሽታውን ለማረጋገጥ ከጣፊያው በመርፌ ጥቂት መቅዳት ልማዳችን ነው። ነገር ግን ቍጥሩ ከ40,000 በታች የሆነ እንደ ሆነ መርፌ ወደ ጣፊያ አናስገባም፤ ደሙ በሆድ ውስጥ ፈስሶ አይቆምልንምና። ስለዚህ በደም ምርመራ ብቻ እንለየዋለን።» እኅቴም ምላጭ ሊነካው እንደ ነበር ነገረችው። ሐኪሙ ራሱን ነቅንቆ «እኛ በቀጭን መርፌ የፈራነውን ነገር በምላጭ አስበውት ነበርን? እንኳን ከለከሉ» አላት።

የደሙም ምርመራ ካላዛር መሆኑን አረጋገጠ። በዚያን ዘመን ሕክምናው ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት የተባለውን መርፌ በየቀኑ 30 ቀን መወጋት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ይህን መድኃኒት ፓሮሞማይሲን ከተባለው ጋር አጣምሮ ለ17 ቀን የመስጠት ሥርዓት መጥቷል። መርፌው ያማል፤ ልጁም በየጧቱ ያለቅስ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ትኵሳቱ ለቀቀው፤ ቀጥሎም ነስሩ ቆመ። ማንም አፍንጫውን አላከመለትም፤ በጣፊያና በመቅን ያለው ጠላት ሲሸነፍ አፍንጫው በራሱ ጊዜ ዳነ። ጣፊያው ወደ ስፍራው የተመለሰው ግን ቀስ በቀስ ከብዙ ወር በኋላ ነው። ያ ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ሆኖ በፎገራ ሜዳ ሩዝ ያመርታል።

ከዚህ ሁሉ ለቤታችን የሚሆን ምክር እናውጣ። አንደኛ፥ ትኵሳቱ ከሁለት ሳምንት ያለፈ፥ ሰውነቱ የከሳ፥ ሆዱም ያበጠ ልጅ አፍንጫው ወይም ድዱ የደማ እንደ ሆነ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። የወባ ምርመራም አይቅር፤ ወባ ራሱ ደም አርጊዎችን ይቀንሳልና። ወባ አለመሆኑ ሲታወቅ፥ ወይም የወባ መድኃኒት ወስዶ ሳይሻለው ሲቀር ግን «ካላዛር ይሆንን?» ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ ነውር አይደለም። ወደ ሁመራ ወይም ወደ መተማ ወርዶ የተመለሰ ሰው ከሆነም ይህንኑ ለሐኪሙ መናገር ይገባል።

ሁለተኛ፥ ሆዱ ያበጠውን ሰው በምላጭ መብጣት፥ በእሳት መተኰስ፥ ወይም እንጥልና ጥርስ ማስነቀል ፈጽሞ ይቅር። የደሙ ቍጥር ሳይታወቅ ሰውነትን መቅደድ ግድብ ጠባቂ በሌለበት ሌሊት ግድብ እንደ መስበር ነው።

ሦስተኛ፥ በትኵሳት ላይ የሚደማን ልጅ አስፕሪን ማዋጥ አይገባም። አስፕሪን የነካው ደም አርጊ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ድረስ ሥራውን በሚገባ አይሠራም፤ አንዲት ኪኒን ያደረገችው ጕዳት የሚያልፈው አዲሶቹ በስፍራቸው ሲተኩ ነው። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ሥራቸውን ያውካሉ። ሐኪም እስኪያየው ድረስ ለትኵሳቱ ፓራሲታሞል ይሻላል።

አራተኛ፥ እናት ልጇን ስታጥብ ገላውን ታስተውል። ቍንጫ የነከሰው የሚመስል፥ ሲጫኑት ግን የማይጠፋ ጥቃቅን ቀይ ነጥብ የደም አርጊዎች ማነስ ምልክት ሊሆን ይችላል። በጥቁር ገላ ላይ ይህ በቀላሉ ስለማይታይ የአፉን ላንቃና የዓይኑን ቆብ ውስጥ መመልከት ያስፈልጋል። ሳይመታ የሚበልዝ ሰውነትም እንደዚሁ ነው። ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ ካላዛር ብቻ አይደለም፤ የደም ካንሰርም፥ አንዳንድ መድኃኒትም፥ ሌላም በሽታ ያመጣዋል። ለይቶ ማወቅ የሐኪም ሥራ ነው፤ አስቀድሞ ማየት ግን የእናትና የአባት ሥራ ነው።

በመጨረሻም ለጤነኞች አንድ ቃል አለኝ። እጅግ የደማ ሕመምተኛ አንዳንድ ጊዜ የሌላ ሰው ደም አርጊ ካልተሰጠው አይተርፍም። ከሰው የተቀዳ ቀይ ደም በማቀዝቀዣ እስከ 42 ቀን ሊቈይ ይችላል፤ ደም አርጊዎች ግን ቅዝቃዜ ስለሚያበላሻቸው ከ20 እስከ 24 ዲግሪ በሆነ ሙቀት ሳያቋርጡ እየተወዘወዙ ለ5 ቀን ያህል ብቻ ይቀመጣሉ። ስለዚህ በበዓል ሰሞን ብቻ የተሰጠ ደም በማግሥቱ ወር ለሚደማ ልጅ ደም አርጊ አይሆነውም። በባሕር ዳርም የደም ባንክ አለ። ጤነኛ የሆነ ጐልማሳ በዓመት አንድ ጊዜ ሳይሆን፥ ሐኪም በሚፈቅድለት ጊዜ ሁሉ እየተመላለሰ ቢሰጥ ለማያውቀው ጎረቤቱ ግድብ ጠባቂ ይሆንለታል።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። ማሳ ስትጠብቁ የምታድሩ ወጣቶች አጎበር ያዙ፤ ከግራርም ሥር አትተኙ። እናቶችም የልጃችሁ ደም አልረጋ ሲል ስለ ወተታችሁ እንደምትጠይቁት ሁሉ «ምን አጥቶ ነው ያልረጋው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ እጃችሁንም ከአፍንጫው አንሥታችሁ በግራ ጐኑ ከጐድኑ ሥር ዳስሱት። ጠጣር ነገር ያገኛችሁ እንደ ሆነ ምላጭ ሳይሆን መኪና ይጠራ።